በእርሳስ የተከበበው ጥያቄ

ኢንጂነር ቢንዴሽዋሪ ከመኪናቸው ሲወርዱ ኩሙድ የአባቷ ካውያ ውስጥ ከሰል እየጨመረች ነበር። ስሟ ጋዜጣ ላይ ከወጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ከመላው ሕንድ ለገቢ ግብር ኢንስፔክተርነት ከተመረጡት መሃል አንዷ የፓትና ልጅ ናት፤ ያውም ከወንዙ ዳር፣ ከልብስ አጣቢዎች ሰፈር። ማክሰኞ ባቡር ተሳፍራ ለሥልጠና ናግፑር ትወርዳለች። እና ምን ይጠበስ? ከሰል ራሱን አይጨምር፤ አባቷም በስልሳ ዓመታቸው ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወገባቸውን ያማቸዋል።

ኢንጂነሩን በሰፈሩ የማያውቅ የለም። የከተማውን ድልድይ ግማሹን እኔ ነኝ የሠራሁት የሚሉ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ማዕረጋቸውን ቤት ያላስቀመጡ ሰው ናቸው። ሸሚዛቸው ለሃያ ዓመት የተተኮሰው እዚሁ መንገድ ዳር፣ ዛፍ ሥር ባለው የአባቷ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሳቸው ግን ሠራተኛ ይልካሉ እንጂ አንድም ቀን ደርሰው አያውቁም። ዛሬ የጣፋጭ ካርቶን ታቅፈው ራሳቸው መጡ። ኩሙድን ያስደነገጣት ይህ ሁሉ አልነበረም። ሰውየው አብሯት ያጠና የነበረው የፕራባት አባት ናቸው። የካውያውን ክዳን ሁለቴ ገጠመችው።

"ራማውታር!" አሉ አባቷን። "እንኳን ደስ አለህ! ልጅህ ሰፈሩን አኮራችው።"

"እንኳን አብሮ ደስ አለን ጌታዬ። ይቀመጡ እንጂ፣ ይቀመጡ!" ራማውታር ብቸኛዋ ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ በጥድፊያ አነሱላቸው።

"ነገር አላስረዝምም። ልጄና ልጅህ ወንዝ ዳር አብረው ሲያጠኑ እንደከረሙ ሰምቻለሁ። ያኔ አልወደድኩትም፤ አልዋሽህም። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የግብር ኢንስፔክተር ምራቴ ብትሆን አላፍርም።"

የኩሙድ ልብ ዘለለች። ወዲያው ደግሞ "አላፍርም" የምትለዋ ቃል ወጋቻት። ሰው በሚኮራበት ነገር አላፍርም አይልም።

"አንዲት ነገር ብቻ አለች" ቀጠሉ ኢንጂነሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰርጉ ላይ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። አንተን የጨርቅ ነጋዴ ነው እንላለን፤ ያው ጨርቅ ጨርቅ ነው። ይሄን ጠረጴዛና ካውያ ከመንገድ ዳር አንሳው። የሰርጉ ዕለት ደግሞ ወደ ኋላ ገለል ብለህ ብትቀመጥ ማንም ምንም አይጠይቅህም።"

ራማውታር ካውያውን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ይገፉት ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ግን ልብስ አልነበረም።

"ፕራባት ይሄን ያውቃል?" አለች ኩሙድ።

"ልጄ ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም።"

ልብ በሉ። ያውቃል አላሉም፤ አያውቅምም አላሉም። አንብቦ መረዳት ፈተና ላይ ቢሆን ኖሮ ኩሙድ ይህችን ወጥመድ በሁለት ሰከንድ ትይዛት ነበር። የተቃጠለ ልብ ግን የሰማውን ሳይሆን የፈራውን ነው የሚረዳው። ኩሙድም የፈራችውን ተረዳች፤ ፕራባት ተስማምቶ ነው አባቱን የላከው።

"ጌታዬ" አለች ቀና ብላ፣ "መጀመሪያ አባቴን አንቱ ይበሉልኝ። ከዚህ ወንዝ ዳር ለቃለ መጠይቅ የሄደ ልጅ ሁሉ ሸሚዙን ያስተኮሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም በነፃ። ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነው፣ የፖሊስ መኮንን የሆነው፣ ሁሉም አባቴ በካውያ ባወጣው መስመር ነው አለቆቹ ፊት የቆመው። ይሄን ካውያ የምትደብቅ ምራት ከፈለጉ ሌላ ቤት ይሞክሩ። ጣፋጩንም አይርሱት።"

ኢንጂነሩ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ሄዱ። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ስትሰወር ራማውታር ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

"ጣፋጩን እንኳ ብታስቀሪው ምን ነበረበት?"

ኩሙድ ልትስቅ አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። አባቷ ካውያውን አስቀምጠው ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

"ትወጂዋለሽ?"

"አዎ።"

"እና?"

"አንተን ነዋ በፊት የማውቅህ!" አለች። ራማውታር ኮራ ብለው፣ ልባቸው ግን ተሰብሮ፣ እንዲሁ እንዳቀፏት ቆዩ።

*

የሷና የፕራባት ነገር የተጀመረው በባቡር ነው፤ ባቡሩ ግን ወረቀት ላይ ነበር።

እሁድ እሁድ ጎህ ሲቀድ የወንዙ የድንጋይ ደረጃ በተፈታኝ ይሞላል። አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ሰው ጉልበቱ ላይ ካርቶን አስደግፎ ይቀመጣል። መቶ ጥያቄ ይታደላል፤ አመክንዮ፣ ስሌት፣ አንብቦ መረዳት። ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ መልሱን ያነባል። መምህር የለ፣ ክፍያ የለ፤ ያወቀ ላላወቀ ያስረዳል። አንድ እሁድ ኩሙድ አጠገቧ የተቀመጠው ባለ መነጽር ልጅ አንዱን ስሌት ሲሳሳት አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

"ምን ያስቅሻል?"

"ባቡሩ የጣቢያውን መድረክ አልፎ ለመሄድ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል ነው የተባለው። የመድረኩን ርዝመት የታል የደመርከው? ግማሽ ባቡር ጣቢያው ላይ ጥለህ ሄድክ እኮ! ተሳፋሪው ምን ይበል?"

ፕራባት ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ እሱም ሳቀ። ውድ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሒሳብ ግን ጠላቱ ነው። እሷ ደግሞ ጣራው በሚያፈስ የመንግሥት ትምህርት ቤት በሂንዲ ተምራ፣ ቁጥር ሲሰጧት ትጫወትበታለች፤ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲመጣ ግን ላብ ያጠምቃታል። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ተለዋወጡ። እሷ ባቡሩን አሻገረችለት፤ እሱ ምንባቡን አነበበላት።

"አሁንም ተሳሳትሽ" ይላታል። "ጽሑፉ ምን አለ ነው ጥያቄው። አንቺ የምታውቂውን ማን ጠየቀሽ?"

"የጻፈው ሰውዬ ስለ ልብስ ሳሙና ከኔ በላይ ያውቃል?"

"አያውቅም። ነጥብ የሚሰጥሽ ግን እሱ ነው።"

እንዲህ እየተነታረኩ ሁለት ክረምት አለፈ። ኩሙድ አንድ ልማድ ነበራት። የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ስለሚያስቆርጥ አትገምትም። መልሱ ያላት፣ ግን ተረጋግታ ልትሠራው የምትፈልገው ጥያቄ ሲገጥማት ቁጥሩን በእርሳስ ታከብበዋለች። "ሌላውን ልጨርስና እመለስበታለሁ" ማለቷ ነው። ፕራባት ይህን ያውቃል፤ "አንቺ ያከበብሽውን ስተሽ አታውቂም" ይላት ነበር።

ከዚያ የፕራባት አክስት አብረው ሻይ ሲጠጡ አየቻቸው፤ ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አብሮ መቀመጡ ቀረ። የመለማመጃ ወረቀት በሻብናም እጅ ይመላለስ ጀመር። ሻብናም የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ አብራቸው የምትፈተን፣ ስታወራ የማታርፍ፣ በሥርዓት ጉዳይ ግን ቀልድ የማታውቅ ጓደኛቸው ናት።

ለፈተናው አምስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ወረቀት መጣ። የታተመው ጥያቄ መቶ ሲሆን ከሥሩ በፕራባት የእጅ ጽሑፍ፣ በቀለም፣ መቶ አንደኛ ተጨምሮበታል።

"ኬ የልብስ ተኳሽ ልጅ ናት። ፒ የመሐንዲስ ልጅ ነው። ኬ ፒን ባቡር አሻግራዋለች። ኬ ለፒ ምኑ ትሆናለች? ሀ. የጥናት ጓደኛው። ለ. የሰፈሩ ልጅ። ሐ. ሚስቱ። መ. መረጃው በቂ አይደለም።" ከየምርጫው ጎን የሚጠቁር ክብ ሁሉ ሳይቀር ሠርቶበታል።

ኩሙድ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤቱን ሦስቴ ዞረችው። መልሱን ታውቃለች፤ ከሁለት ክረምት ጀምሮ ታውቃለች። ነገር ግን የዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ተለማምጣ መቆም አልፈለገችም። ስሟ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ በራሷ እግር ቆማ፣ አባቷን ቀና አድርጋ ልትመልስለት ፈለገች። ስለዚህ ምርጫዎቹን አልነካችም። መቶ አንደኛን በእርሳስ አከበበችውና ወረቀቱን ለሻብናም ሰጠቻት። ክቡን ያይና ይጠብቀኛል ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከፕራባት አንዲት መስመር አልመጣችም። ውጤት በወጣ ዕለት ጋዜጣው ላይ ከራሷ ስም በፊት የፈለገችው የሱን ነበር። አጣችው። በአንድ ነጥብ ተኩል ነው የወደቀው አሉ። እኔንጃ፣ ምናልባት አፍሮ ነው የቀረው ብላ ራሷን ስታጽናና ከረመች፤ አሁን ደግሞ አባቱ መጡና ያችንም ማጽናኛ ወሰዱባት።

*

በማግስቱ፣ እሁድ፣ የወንዙ ደረጃ ጢም ብሎ ሞልቷል። የተመረጠ ሰው ከመሄዱ በፊት የመጨረሻውን እሁድ መጥቶ ለቀሩት መልስ ያስረዳል፤ የቦታው ወግ ነው። ኩሙድ ድምፅ ማጉያውን ስትቀበል ሁለት ሺህ ሰው ስሟን ጮኸ። ራማውታር ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ልብሳቸውን ሦስት ጊዜ ነው የተኮሱት፤ ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ ማንም አያውቅ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሁሉ "የሷ አባት ነዎት?" ሲላቸው እንዳልሰሙ ይሆናሉ፤ ደግመው እንዲጠይቋቸው ነዋ!

ሠላሳ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች። ባቡርና መድረክ ነው።

"የመድረኩን ርዝመት ደምሩ" አለች። "አለዚያ ግማሽ ባቡር ጣቢያው ላይ ጥላችሁ ትሄዳላችሁ።"

ደረጃው በሳቅ ተናወጠ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ወደ ታች ዘጠነኛው ደረጃ ላይ፣ ከአዲስ ተፈታኞች መሃል፣ ሸሚዙ የተጨማደደ፣ ጉልበቱ ላይ ካርቶን ያስደገፈ ባለ መነጽር ቀና ብሎ እያያት ነበር። ኩሙድ የሠላሳ ሰባተኛውን መልስ ሁለቴ አነበበችው። ተናዳበታለች፤ በእውነት ተናዳበታለች። ግን እንዴት ከስቷል!

እስከ መቶኛው ጥያቄ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። ሰው መበተን ሲጀምር ፕራባት እየተጋፋ ወደ ላይ ወጣ።

"እንኳን ደስ አለሽ" አላት። ከኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ። "ይቺን ልመልስልሽ ነው የመጣሁት። መልሱ ገብቶኛል። ባዶ የተወሽው እንዳልከፋ ብለሽ ነው፤ ባዶ ነጥብ አያስቆርጥም። አልተቀየምኩሽም።"

"ባዶ?" ወረቀቱን ነጠቀችው። መቶ አንደኛው አለ፤ ምርጫዎቹ አሉ። ቁጥሩ ዙሪያ ግን ምንም የለም። ንጹሕ ነው። "ክቡስ? ክቤ የት ሄደ?"

"የምን ክብ?"

ኩሙድ ዞር አለች። ሻብናም ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቁጢጥ ብላለች፤ የሰው ወረቀት ሰብስባ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ልታስተላልፍ፣ የእርሳሱን ምልክት በላጲስ እያጠፋች ነው።

"ሻብናም! ይሄን ወረቀት ስትወስጂለት ምን አደረግሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ? አጠፋሁታ! የሰው መልስ ያለበት ወረቀት ለሰው ይሰጣል እንዴ? ወላሂ፣ ነውር አይደለም? ተቀባዩ ይሳሳትበታል እኮ።"

"መቶ አንደኛው ላይ ክብ አልነበረም?"

"ነበር። እሱንም አጠፋሁት።" ሻብናም የሁለቱን ፊት አየች፣ የያዘችውን ላጲስ አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አፏን በእጇ ያዘች። "ወይኔ ጉዴ! ምን አደረግሁ?"

ፕራባት መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል። "አክብበሽው ነበር?" አለ በሹክሹክታ።

"ውጤቱ እስኪወጣ ብዬ ነዋ! እመለስበታለሁ ብዬ! አንተ ግን..." እንባዋ መጣ፤ ከእንባው ጋር የትናንቱ ንዴት አብሮ መጣ። "አንተ ግን አባትህን ላክክብኝ! አባዬን የጨርቅ ነጋዴ ነው በሉ፣ ካውያውን ደብቁ፣ ከኋላ ይቀመጥ ብለህ! ይሄንንስ ማን ያጥፋልኝ?"

"ማንን ነው የላክሁት? አባቴ እናንተ ቤት መጡ?"

ኩሙድ ፊቱን አየችው። ያ ፊት መዋሸት አይችልበትም፤ ስሌት ሲሳሳት እንኳ ከሩቅ ያስታውቃል። ኢንጂነሩ ትናንት ያሏትን ቃል በቃል አስታወሰች። ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም ነው ያሉት። ጽሑፉ ያላለውን እሷው ናት የጨመረችበት።

"አያውቅም ነበር" አለች ለራሷ።

ፕራባት ግን መነጽሩን አጠለቀና ደረጃውን ወጣ። ራማውታር ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ልጅ ለአባቱ አክብሮት እንደሚያደርገው በሁለት እጁ እግራቸውን ነካ።

የመሐንዲስ ልጅ የልብስ ተኳሽ እግር ሲነካ የቀረው ተፈታኝ በሙሉ አየ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማው ሁሉ እንደሚሰማው፣ አባቱም እንደሚሰሙ ሁሉም ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ራሱ ፕራባት ያውቃል።

"ምን ነካህ ልጄ፣ ተነሣ! ሰው ያያል!" አሉ ራማውታር ደንግጠው።

"እንዲያይ ነው።" አልተነሣም። "ውጤት የለኝም፣ ሥራም የለኝም። ከዛሬ በኋላ የአባቴ ቤትም ላይኖረኝ ይችላል። ኩሙድ እሺ ካለች ግን ሰርጉ ላይ እርስዎ ከፊት ነው የሚቀመጡት፤ ሙያዎን የሚጠይቅ ካለ እኔው እነግረዋለሁ። ስለ ትናንቱ ይቅር ይበሉኝ።"

ራማውታር እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉና ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይሄን ሸሚዝ ማነው የተኮሰው?"

"ማንም።"

"ያስታውቃል። ነገ በጠዋት ይዘኸው ና። በሚመጣው ፈተና ብታልፍም ባታልፍም፣ እንዲህ ተጨማድደህ ልጄን ባቡር ጣቢያ አትሸኝልኝም።"

ደረጃው በሳቅና በጭብጨባ ተነሣ። ኩሙድ እያለቀሰችም እየሳቀችም መጥታ ከፊቱ ቆመች።

"ማክሰኞ እሄዳለሁ" አለችው። "ናግፑር ሩቅ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔም እፈተናለሁ። እስካልፍ ጠብቂኝ ግን አልልሽም። የኔ ውጤት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከዚህኛው ጋር አታደባልቂው።"

"ማን አደባለቀው? ያገባሁት ውጤትህን ነው እንዴ?" አለችና ምላሷን ነከሰች። ከአፏ ያመለጠውን ቃል እሱም ሰማው፤ ፊቱ በራ።

ኩሙድ መቶ አንደኛውን ጥያቄ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሻብናም ጥፋቷን ልትክስ በጥድፊያ የተቀረጸ እርሳስ አቀበለቻት። ኩሙድ አልተቀበለቻትም። ቦርሳዋን ከፍታ ጥቁሩን እስክሪብቶ አወጣች፤ በእውነተኛው ፈተና ቀን የያዘችውን ነው። ከሐ ጎን ያለውን ክብ ጥግ ጥጉን ይዛ፣ ከመስመሩ ሳትወጣ፣ ተረጋግታ አጠቆረችው። አባቷ ከላይ አንገታቸውን አስግገው እያዩ ነበር።

"ይኸውልህ" አለችና ወረቀቱን ለራሱ ለፕራባት በእጁ ሰጠችው።

ሻብናም ከጀርባው አጮልቃ አየችና ላጲሷን ኪሷ ከተተች። ኩሙድ ያን ዕለት ሁለት ሺህ ሰው ስሟን ሲጠራ ኮርታ ነበር። አባቷ በተጨማደደው ሸሚዝ ትከሻ ላይ ክንዳቸውን ጣል አድርገው፣ ለሚያልፈው ሁሉ "እኔ ነኝ አባቷ፣ ልብስ ተኳሹ" እያሉ ከደረጃው ሲወጡ ግን፣ ኩራት ማለት ምን እንደሆነ ገና አሁን ነው የገባኝ አለች።